ፊርማን ለሰው ሠራሽ ወኪል አደራ ስለ መስጠት

ሰው ያላነበበውን ውል ሌላ አንብቦለት፥ ሌላ ፈርሞለት፥ ከዚያ በኋላ ‹‹ይህ ቃልህ ነው›› ተብሎ ሊታሰርበት ይገባዋልን? ጥያቄው በዚህ ዘመን ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አባቶቻችን በአንድ ቃል ውስጥ መልስ ሰጥተውበት ኖረዋል። በሰው ስም የሚናገረውንና የሚሠራውን ‹‹እንደራሴ›› ይሉት ነበር። ትርጉሙም ግልጥ ነው፤ እንደ እኔ ሆኖ ይቆማል፥ እርሱ የተናገረው እኔ የተናገርሁት ነው ማለት ነው። ንጉሡ በችሎት ቃሉን የሚያሰማለት አፈ ንጉሥ የሚባል ሹም ነበረው። ደብዳቤውንም የሚያጸናው በማኅተም ነበር፤ ማኅተሙን የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዙ ነበር። ስለዚህ አፍን ለአንዱ፥ እጅን ለሌላው አደራ መስጠት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው አደራ ተቀባዩ ሰው አለመሆኑ ነው።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ልግለጥ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ጥበብ ጽሑፍ አንብቦ ለተጠየቀው መልስ በመስጠት ተጀመረ፤ ዛሬ ግን ከመመለስ አልፎ በሰው ስም ሥራ የሚፈጽም ወኪል ወደ መሆን ደርሷል። ቅጽ ይሞላል፥ ዕቃ ያዝዛል፥ ከተፈቀደለትም ‹‹እስማማለሁ›› ይላል። አሁን የሚቀርበው አሳብ እንዲህ ነው፤ ቃሉ ለሁሉ አንድ ሆኖ ስምና ገንዘብ ቀንም ብቻ የሚለወጥበት ውል ሲመጣ፥ ባለቤቱ አስቀድሞ ወሰን ይስጥና ወኪሉ አንብቦ ይፈርም። ‹‹እስከዚህ ገንዘብ ድረስ፥ እስከዚህ ጊዜ ድረስ፥ ከዚህና ከዚህ ግዴታ በቀር›› ይበለው። ከወሰኑ የወጣ ነገር ቢያገኝ ሳይፈርም ተመልሶ ይጠይቅ።

የባሕር ማዶ ሕግ ለዚህ ነገር በሩን ከከፈተ ቆይቷል። በአሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. ተዘጋጅቶ ብዙዎቹ ክፍላተ አገር የተቀበሉት የኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕግ መሣሪያ ለሰው ውል ሊያስር እንዲችል አድርጓል። የተባበሩት መንግሥታትም በ2005 እ.ኤ.አ. ባጸደቁት ስምምነት፥ ሰው በየጊዜው አይቶ አላጸደቀውም በሚል ምክንያት ብቻ በመሣሪያ የተደረገ ውል ዋጋ አያጣም ተብሏል። በአገራችን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ፥ በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ወጥተዋል። እንግዲህ ‹‹ይቻላል ወይስ አይቻልም›› የሚለው ክርክር ብዙ አያቆየንም። ‹‹ይገባል ወይስ አይገባም›› የሚለው ግን ገና በደንብ አልተነካም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይዘገንናቸዋል። ‹‹ሳያነብ የሚፈርም ሰው ሞኝ ነው›› ይላሉ። እኔም እነዚህን ሰዎች አንድ ነገር ልጠይቃቸው እወዳለሁ። የባንክ ሒሳብ ስትከፍቱ ከወረቀቱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመውን አነበባችሁን? የመኪናችሁን መድን ውል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልክታችሁታልን? በስልካችሁ ገንዘብ ለመላክ ወይም ለመበደር ስትጀምሩ ‹‹እስማማለሁ›› የሚለውን የነካችሁት ስንት ገጽ ካነበባችሁ በኋላ ነው? ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፥ ኋላም በስልክ ብድር መውሰድ ከተለመደ ወዲህ፥ በአዲስ አበባ ያለው የተማረ ሰውና በሮብ ገበያ ያለው ያልተማረ ገበሬ በዚህ ነገር እኩል ሆነዋል። አንዱ በመስታወት ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ሁለተኛው በቀለም ነክሮ በወረቀት ላይ ያሳርፋል። ልዩነቱ ቀለሙ ብቻ ነው።

ይህ ድካም በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣም የታወቀ ነበር። በቁጥር 1686 እንደ ተደነገገው አንደኛው ወገን ለሁሉ ብሎ ያዘጋጀው ጠቅላላ የውል ቃል ሌላውን ወገን የሚያስረው፥ ያ ሰው ቃሉን አውቆ የተቀበለው እንደሆነ ወይም የመንግሥት ባለ ሥልጣን ያዘዘው ወይም ያጸደቀው እንደሆነ ነው። ሕጉ ‹‹አውቆ›› ይላል። ለማወቅ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ለማንበብ ደግሞ ፊደልም ጊዜም ትዕግሥትም ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ማየት ብርቅ ነው።

ውሉ ለሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ግን ራሱ ክፉ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ብንመለከት፥ ቡናው ወይም ሰሊጡ በመጋዘን ተመዝኖ ደረጃ ከወጣለት በኋላ ገዢው ከረጢቱን ሳይከፍት ይገዛዋል፤ ባለቤቱም እዚያ ሳይገኝ፥ የገበያው አባል የሆነ ሰው በታዘዘው ዋጋ ይሸጥለታል። መጀመሪያ ላይ ሻጭና ገዢ እንደ ጥንቱ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ይዋዋሉ ነበር፤ ኋላ በኮምፒዩተር ሆነ። ደረጃው የታወቀና ውሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ እንደራሴ መላክ ይቀልላል። ዕቃው በየጊዜው የሚለያይ ቢሆን ማን ያለ ዓይኑ ይገዛ ነበር?

እኔ የተወለድሁት በምሥራቅ ጎጃም በሮብ ገበያ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ገበያው ረቡዕ ይውላል፤ ከቢቸናም ከሞጣም በኩል ጤፍ ነጋዴ ይመጣበታል። በአገራችን ባለ በሬው ታምሞ ወይም ሐዘን ይዞት ገበያ ለመውጣት ያልቻለ እንደሆነ፥ በሬውን ለጎረቤቱ ያስነዳና ‹‹ከዚህ ብር በታች ከሆነ መልስልኝ›› ይለዋል። ጎረቤቱ ከተባለው በላይ ቢያገኝ ይሸጣል፤ ካላገኘ ማታ በሬውን እየነዳ ይመለሳል። በሬው ስለ ተመለሰ ማንም አይቆጣም። ከወሰኑ ጎድሎ የተሸጠ እንደሆነ ግን ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ይህን ሥርዓት ያስተማረን የሕግ መጽሐፍ የለም።

ለዚህ ጽሑፍ የሚረዳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በልጅነቴ ፊደል የቆጠርሁ ስለ ነበርሁ፥ ጎረቤቶቻችን ወረቀት ሲመጣባቸው ያስጠሩኝ ነበር። አብዛኛው የማዳበሪያ ብድር ቅጽ ነው። አንድ ቀን አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ እንዲህ ያለውን ቅጽ ሰጡኝና ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ስጀምር አስቆሙኝ።

‹‹ልጄ፥ ሁሉን አታንብብልኝ። የሚያስረኝን ብቻ አንብብልኝ›› አሉ።

‹‹የሚያስርዎ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ አባባ?››

‹‹መሬት ያለ እንደሆነ ቁም። በሬ ያለ እንደሆነ ቁም። የሌላ ሰው ዕዳ ያለ እንደሆነ ቁም። የቀረው የጸሐፊ ወሬ ነው።››

በብዙ ዓመት በኋላ ስለ እንደራሴነት የተጻፈ ሕግ ሳነብ የእኚህ ሰው ቃል ትዝ ይለኝ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንደራሴነትን ጠቅላላና ልዩ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው የሚችለው የአስተዳደርን ሥራ ብቻ ነው፤ በቁጥር 2205 እንደ ተነገረው የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና መያዣ ለማድረግ፥ ለመታረቅ፥ ስጦታ ለመስጠት፥ በፍርድ ቤት ለመከራከርና ይህን ለመሳሰለው ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ሽማግሌው ፊደል አያውቁም፤ ነገር ግን ሕግ አዋቂዎቹ ብዙ አስበው የደረሱበትን መለያ በሦስት ‹‹ቁም›› ሠርተውታል። እንዲያውም ከሕጉ አንድ የሚበልጥ ነገር አላቸው፤ ወሰናቸው በሚያውቁት ነገር የተነገረ ነው። ‹‹ከንብረቴ እስከ መቶ አሥር እጅ የሚደርስ ግዴታ›› አላሉም። መሬት፥ በሬ፥ የሌላ ሰው ዕዳ አሉ። እኔም የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ቃሉን ለመፈጸም አልተቸገርሁም።

እንግዲህ የሰው ሠራሹን ወኪል አሳብ ከሩቅ የማልገፋው በዚህ ምክንያት ነው። በአማርኛ የሚሰማ፥ በአማርኛ የሚናገር፥ የማይደክም፥ እንደ እኔ ‹‹ልጆቹ ኳስ ሊጫወቱ ነው›› ብሎ የማይቸኩል አንባቢ በየገበሬው ስልክ ቢገኝ፥ ትልቅ በረከት ነው። ዛሬ ቅጹን የሚያነብለት አብዛኛውን ጊዜ ቅጹን ያመጣው ሰው ነውና።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላልም አይደለም። ‹‹አንተ ያን ወረቀት ስታነብ ሽማግሌውን ብታታልል ኖሮ በማግሥቱ ዓይናቸውን ማየት አትችልም ነበር፤ እናትህም ትሰማ ነበር። ሰው ሠራሽ ወኪል ግን እናት የለውም፤ አያፍርም፤ መሐላም አይፈራም። ታዲያ ምን ይዞት ይታመናል?›› ይላሉ። እውነት ነው፤ ይሉኝታ የሌለው አደራ ተቀባይ ያስፈራል። ነገር ግን የሚያፍሩና የሚታመኑ ሰዎች ብቻ ወኪል ሆነው በሠሩበት ጊዜ ምን እንደ ሆነ ታሪክ ይመስክር።

በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል ያልሰማ የለም። ቁጥር 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፥ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ደጃዝማች መኰንን፥ ኋላ ራስ የሆኑት፥ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ሄዱና በመስከረም 1882 ዓ.ም. ተጨማሪ ውል ፈረሙ። በዚያ ውስጥ ወሰኑ በጊዜው በተያዘው ቦታ መሠረት ይደረግ የሚል ቃል ነበረበት፤ ኢጣልያኖችም ይዞታቸውን ለማስፋት ተጠቀሙበት። የመኰንንን ታማኝነት የሚጠራጠር አላየሁም። ነውር የሚያውቁ፥ ንጉሣቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሆኖም የወኪሉ ልብ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ውሉን አላዳነውም። ምኒልክን ያዳናቸው ሌላ ነገር ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈ ቅጂ በእጃቸው ነበረ፤ ‹‹ያተምሁበት ይህ ነው፤ ያ አይደለም›› ለማለትም ቻሉ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንዳፈረሱት ለኃያላን መንግሥታት አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው በዓድዋ ነው።

ስለዚህ ከሰው ሠራሹ ወኪል የምንሻው ኀፍረት ሳይሆን ሁለት ነገር ነው እላለሁ። ያነበበውንና የፈረመበትን ምክንያት ባለቤቱ በሚሰማው ቋንቋ ይተውለት፤ ባለቤቱም በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ይሻረው። ሁለተኛው ለሰው ወኪል አስቀድሞ በሕጋችን የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ግን ለማያነብ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሊያነበው የማይችለው ቅጂ በእጁ ቢኖር ምን ይረባዋል? በድምፅ ይሁንለት።

ጥፋት ሲገኝ ማን ይጠየቃል የሚለው ደግሞ ብዙ ሊያከራክር አይገባም ነበር፤ ሆኖም አከራክሯል። ኤር ካናዳ የተባለው የአየር መንገድ በድረ ገጹ ላይ ለመንገደኞች መልስ የሚሰጥ መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው ለአንድ ሐዘንተኛ መንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ ነገር ነገረው። መንገደኛው በከሰሰ ጊዜ ኩባንያው መሣሪያው ለራሱ ሥራ ራሱ የሚጠየቅ ነው የሚል ክርክር አቀረበ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጉዳዩን የተመለከተው ዳኛ በ2024 እ.ኤ.አ. አልተቀበለውም፤ ኩባንያውም እንዲከፍል ፈረደ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው እንዲህ ያለው ክርክር ነው። መሣሪያ ንብረት የለውም፤ እስር ቤት አይገባም፤ ስለዚህ ‹‹እርሱ ይጠየቅ›› ማለት ‹‹ማንም አይጠየቅ›› ማለት ነው።

ወኪሉ የማን ነው የሚለው ከዚህ ይከብዳል። አበዳሪው ራሱ ‹‹ውላችንን የሚያነብላችሁና የሚፈርምላችሁ ወኪል በነጻ ሰጥተናችኋል›› ቢል፥ ብዙ ሰው አመስግኖ ይቀበላል። ይህ ወኪል ግን በበሬ ገዢው ገንዘብ የተቀጠረ በሬ ሻጭ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወኪሉና የወካዩ ጥቅም በተጋጨ ጊዜ ወካዩ ውሉን ሊያፈርሰው እንዲችል አድርጓል፤ ወኪሉ ከራሱ ጋር የሚዋዋለውንም ውል እንዲሁ በጥርጣሬ ያየዋል። እነዚህን ሁለት ቃሎች ሳነብ፥ የገበሬውም ወኪል የባንኩም ወኪል ከአንድ ኩባንያ የወጡ ቢሆኑስ ብዬ አስባለሁ። በአንድ እጅ መጨባበጥ ይቻላልን? ደላላ ከሁለት ወገን እንደሚቀበል በገበያችን ሁሉ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይጠነቀቀዋል። የማይታየውን ደላላ ግን ማን ይጠነቀቀዋል?

ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ወሰን ይኑር ይባላል፤ መልካም። ወሰኑን የሚጽፈው ማን ነው? ወኪሉን ለመሾም ደግሞ አንድ ቅጽ ይመጣል፤ በዚያም ቅጽ ላይ የገንዘቡ ልክ፥ ጊዜው፥ የሚፈቀደውና የማይፈቀደው አስቀድሞ ተሞልቶ ይታተማል፤ ሰውየውም ሳያነብ ጣቱን ያሳርፋል። እንዲህ ከሆነ ከአንድ ያልተነበበ ውል ለማምለጥ ብለን ከሁሉ የሚብሰውን ያልተነበበ ውል አስፈረምነው። የቀድሞው ስለ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ነበር፤ ይህ ግን ወደ ፊት ስለሚመጡት ሁሉ ነው።

የቢቸናና የሞጣ ሰው ልኩን ሌላ ሲለካለት ምን እንደሚሰማው ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፥ የየገበሬውን ምርት ገምተው የሚጽፉ ሰዎች ተመደቡ። የጎጃም ገበሬ አሻፈረኝ አለ፤ በቢቸና፥ በሞጣና በዳሞት ነገሩ ጦር እስከ መዝመት ደረሰ፤ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተለወጡ። ታሪክ ጸሐፊዎች ምክንያቱን በብዙ መንገድ ይተነትኑታል፤ ርስቱ ይነካብኛል የሚለው ፍርሃት ዋናው እንደ ነበረ ብዙዎቹ ይስማሙበታል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከገንዘቡ ልክ ይልቅ ያስቆጣው፥ እርሱ ባልተቀመጠበት ቦታ የእርሱ ልክ መጻፉ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ መድኃኒቱ በሕጋችን ውስጥ አስቀድሞ ያለ ይመስለኛል፤ ቦታውን ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1728 ላይ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያሳረፈው የጣት ምልክት የሚያስረው፥ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ያረጋገጠለት እንደሆነ ብቻ ነው ይላል። ይህ ለእያንዳንዱ የማዳበሪያ ቅጽ ሊፈጸም አይቻልም፤ በየቀበሌው ስንት አዋዋይ ይገኛል? ለውክልናው ግን ይቻላል። ሰውየው አንድ ጊዜ በሰው ፊት ይቀመጥ፤ ባዶ ወረቀት ይቅረብለት፤ ‹‹ምን ያለ እንደሆነ ይቁም?›› ተብሎ ይጠየቅ፤ የሚናገረው በሚናገረው ቃል ይጻፍ፤ ተነብቦለት ይስማ። በዓመቱ ደግሞ ይጠየቅ፤ ልጅ ድሮ፥ በሬ ሸጦ፥ ዕዳ ከፍሎ ወይም ጨምሮ ይሆናልና ወሰኑ ይለወጣል። ይህን ያህል ድካም የበዛበት ካለ፥ በዚያ ሰው ስም ለመፈረም አይቸኩል።

እንዲህ የተሾመ ወኪል ሥራውን በሚገባ ሲሠራ የሚመጣውን ነገር ደግሞ አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ ሁሉ ደስ የሚል አይደለምና። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለብዙ ዘመን ሲያበድር የኖረው በቡድን ዋስትና ነው፤ መያዣ የሌላቸው ጎረቤታሞች ተሰብስበው አንዱ ላንዱ ዋስ ይሆናሉ። ብዙ ድኃ ያለዚህ ሥርዓት ብድር ባላገኘም ነበር። አሁን በሮብ ገበያ አንዲት ባል የሞተባት ሴት እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ልትገባ ነው እንበል፤ የጤፍ መዝሪያ ደርሷል፤ ቅጹ በስልክ መጥቷል። የሌሎቹ ጣት አርፏል። የእርሷ ወኪል የቀረውን ሁሉ አንብቦ ያልፍና ከአንዱ መስመር ላይ ይቆማል፤ ‹‹እመቤቴ፥ ከጎረቤቶችሽ አንዱ ባይከፍል አንቺ ትከፍይለታለሽ ይላል። ‹የሌላ ሰው ዕዳ ያለ እንደሆነ ቁም› ብለሽኛል። ምን ላድርግ?›› ይላታል።

ይህን ዐረፍተ ነገር ጎረቤቶቿ ምናልባት ሰምተውት አያውቁም። እርሷ ግን ሰማች። እምቢ ብትል ቡድኑ አንድ ሰው ይጎድልበታል፥ ሌላ እስኪገኝ ዘሩ ያልፋል፤ ‹‹አላመነችንም›› ትባላለች፤ በሐዘን ጊዜ የሚቆሙላት እነርሱ ናቸው። እሺ ብትል ከአምስቱ የትኛው እንደሚጠጣና የትኛው እንደሚሠራ የምታውቀው እርሷ ናት፤ ወኪሉ ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም ስለ እርሷ ሊመርጥላት አይገባውም። ስልኩን በእጇ ይዛ፥ ከደጁ የቆሙትን እያየች፥ መልሱን ራሷ መስጠት ይኖርባታል።